ፋሲካ የዋለበት እሑድ

ጥያቄውን ያመጣችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ያን ቀን ግን የጂኦግራፊው መምህር ስላልመጣ ክፍለ ጊዜውን እኔ ያዝኩት። ካርታው ላይ ከቺሊ በስተ ምዕራብ፣ ውኃ ብቻ ካለበት መሀል፣ የብዕር ጫፍ የነካት የምትመስል ነጥብ ላይ ጣቷን አድርጋ «ቲቸር፣ ይህ ለምን የፋሲካ ደሴት ተባለ?» አለችኝ። ሆላንዳዊው የባሕር ተጓዥ ያኮብ ሮግቬን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1722 በፋሲካ ዕለት ስላየው ነው ብዬ መለስኩላት። ወዲያው አስከተለች፤

«በእኛ ፋሲካ ነው በፈረንጆቹ?»

«በፈረንጆቹ ነው እንጂ» አልኳት። ሳላስብ ነው ያልኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሽሮ ጥጄ ሳማስል መልሴ ይቆረቁረኝ ጀመር። ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ያደግኩትም የበዓላቱ ማስሊያ ባሕረ ሐሳብ ሲቆጠር እየሰማሁ ነው። ሳላሰላ መመለስ አልነበረብኝም።

ግን ያን ማታም አላሰላሁም። ስለ ደሴቱ ትንሽ ላንብብ ብዬ ጀምሬ ሳምንታት ነጎዱ። ነዋሪዎቹ ራፓ ኑኢ ይሉታል። ስፋቱ 163 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣናችን ላይ ቢደረደር ከአሥራ አምስት በላይ እሱን የሚያካክሉ ደሴቶች ይገቡበታል። ከቺሊ ጠረፍ 3,500 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ዓለም የሚያውቀው በትልልቆቹ የድንጋይ ሐውልቶች ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን እንጨቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 ኤዠን ኤይሮ የተባለ ፈረንሳዊ ሚስዮናዊ በየጎጆው በምልክት የተሞሉ የእንጨት ሰሌዳዎች እንዳየ ጻፈ። ሮንጎሮንጎ ይባላሉ፤ ቃሉ ማዜም፣ በቃል ማነብነብ ማለት ነው። ሰው፣ ወፍ፣ ዓሣ፣ ኤሊ፣ ጨረቃ የሚመስሉ ጥቃቅን ቅርጾች ናቸው፤ በሻርክ ጥርስና በባልጩት ስለት የተቀረጹ። ዛሬ የቀሩት ሁለት ደርዘን ገደማ ሲሆኑ አንዱም ደሴቱ ላይ የለም። ቋንቋቸው አለ፣ የሚናገሩት ልጆች አሉ፤ ሰሌዳውን የሚያነብ ግን የለም።

ከመካከላቸው ማማሪ በሚባለው ላይ ብቻ፣ ምን እንደሆነ የታወቀ አንድ ቦታ አለ። ማማሪ 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በሁለቱ ገጽ አንድ ሺህ ገደማ ምልክት የያዘ፣ ሮም ውስጥ የሚቀመጥ ሰሌዳ ነው። በአንደኛው ገጹ፣ ከሁለት መስመር ትንሽ በሚበልጥ ቦታ ላይ፣ ማጭድ የመሰሉ ጨረቃዎች ተከታትለው ይሄዳሉ። ጀርመናዊው ቶማስ ባርትል እ.ኤ.አ. በ1958 ይህ የጨረቃ ወር ነው አለ፤ ዣክ ጊ ደግሞ በ1990 ሌሊት በሌሊት ቆጥሮ አብራራው። ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የጨረቃን ሌሊት የሚቆጥር ሰው አውቃለሁና።

የእናቴ አጎት ዜጌ ናቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው እኔም የኔታ ነው የምላቸው። ልጅ ሳለሁ ክረምቱን እሳቸው ዘንድ ነበር የምናሳልፈው፤ ተማሪዎቹ ማታ ማታ በአንድ ድምፅ ሲቆጥሩ እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት የባሕረ ሐሳብ ቁጥሮች ለእኔ ከማባዛት ሠንጠረዥ በፊት የመጡ ቃላት ናቸው።

የሰሌዳውን ሥዕል ላሳያቸው ብዬ ባለፈው ሰኔ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ወረቀቱን ከማተሚያው አውጥታ አገላብጣ አየችውና «የቱ ነው ላዩ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የለውም። አንዱ መስመር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከላዩ ያለው ተዘቅዝቋል፣ ቀጣዩ ደግሞ ይቀናል። አንባቢው ከታች በግራ ይጀምራል፤ መስመሩ ሲያልቅበት ሰሌዳውን ግማሽ ዙር ያዞረዋል፣ ተዘቅዝቆ የነበረው ይቃናለታል፣ ማንበቡን ይቀጥላል። ጫፍ ሲደርስ እንደገና ያዞራል። «በሁለቱም በኩል ነው» አልኳትና ከፍዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ ሄድኩ። ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የኔታ ከቤታቸው ጀርባ ቡናው ሥር ቁርበት አንጥፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ የመነጽራቸው አንዱ ጆሮ ተሰብሮ በክር ታስሯል።

«ምን ይዘሽ መጣሽ ልጄ?»

«የጨረቃ ቁጥር ነው፣ የኔታ። ከሩቅ ባሕር፣ ከደሴት የመጣ።»

«ግዕዝ ነው?»

«አይደለም። የሚያነበው ሰው የለም።»

ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ዞር አሉ። ጥፍራቸውን ከታችኛው መስመር ላይ አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ አስኬዱት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከላዩ ያለውን አዩ፣ ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ፣ ከዚያ ምንም ሳልነግራቸው ወረቀቱን አዞሩት።

«ይኸማ የበሬ መልስ ነው።»

ዜጌ ላይ በሬ አይጠመድም፤ ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የወረደ ቃል ኪዳን ነው ይባላል። የኔታ ግን የሜጫ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ለትምህርት ከመሰደዳቸው በፊት እርፍ ጨብጠዋል። በሬ ትልሙን ጨርሶ ዞሮ እንደሚመጣው ማለታቸው ነው። የጥንቶቹ የሳባ የድንጋይ ጽሑፎችም አንዳንዶቹ አንዱን መስመር ወደ ግራ፣ ቀጣዩን ወደ ቀኝ ይጻፉ ነበር፤ መስመሩን መዘቅዘቁ ግን የራፓ ኑኢ ነው።

ጨረቃዎቹን አሳየኋቸው። በቆጠራው ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሐረግ አለ፤ እንደ አዝማች ነው። በሐረጉ መጨረሻ ክር ላይ የተንጠለጠለ ዓሣ ይመጣል። ጨረቃዋ እየሞላች በምትሄድበት ግማሽ የዓሣው ራስ ወደ ላይ ነው፤ ከሞላች በኋላ ራሱ ወደ ታች ይዞራል። በሁለቱ መሀል ለሙሉዋ ጨረቃ ሌሊት የተቀመጠው ምልክት ደግሞ ሰው ይመስላል። የደሴቱ ሰዎች ሙሉ ጨረቃ ላይ በሰማይ የምድር ምድጃ የምታነድ አሮጊት ይታያቸው ነበር፤ እሷ ናት ይላል ጊ።

«ስትሞላ ሽቅብ፣ ስትጎድል ቁልቁል» አሉ የኔታ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ደስ አላቸው። «ያስተማሪ ሥራ ነው ይኼ። ተማሪ እንዳይስት ነው ዓሣውን ያዞረው።»

ይህን ካነበብኳቸው ሰዎች ሁሉ ማንም አላለውም። እኔ ግን አምኜበታለሁ። ሃያ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁና፣ ተማሪ ግራ የሚጋባበት ቦታ ላይ ምልክት ማድረግ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ደግሞ የሌሊቶቹን ስም ነገርኳቸው። የሙሉዋ ጨረቃ ሌሊት ኦሞቶሂ ነው። ኮኮሬ እየተባሉ፣ ኮኮሬ አንድ፣ ኮኮሬ ሁለት እያሉ በቁጥር የሚሄዱ አሉ። እነዚህን ስሞች አሜሪካዊው ዊልያም ቶምሰን በ1886 ከሽማግሌዎች አፍ ሰምቶ ባይጽፋቸው ኖሮ ሰሌዳው ላይ ያለው ሐረግ ምን እንደሚቆጥር መለየት እጅግ ይከብድ ነበር። እነሱም የሚቆጥሩት ሌሊት ነው፣ እኛም ሠርቀ ሌሊት እንላለን። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ጨረቃ 29 ቀን ተኩል ገደማ ስለምትወስድ፣ ሌሊት የሚጨመርበትና የሚቀርበት ወር አለ። ጊ እንደሚለው ራፓ ኑኢዎች 28 መደበኛ ሌሊቶችን ይዘው፣ ሁለቱን ግን ጨረቃዋን አይተው ነበር የሚጨምሩት ወይም የሚተዉት። እኛ አናይም፤ እናሰላለን።

«ክረምት ላይ በምን ልታዪ?» አሉ የኔታ። «ሐምሌና ነሐሴ ደመናው መች ይገለጣል? ሐሳብ ያለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያውቃታል።»

የኔታ ሲያሰሉ ወረቀት አይዙም። ግራ እጃቸውን ዘርግተው በቀኝ ሌባ ጣታቸው አንጓ አንጓውን ይነካሉ። አራቱ ጣቶች ሦስት ሦስት አንጓ፣ አውራ ጣት ሁለት፤ 14 ይሆናል። አምስቱን የጣት ጫፎች ስትጨምሩ 19። 14 ጨረቃ የምትሞላበት ነው፤ 19 ደግሞ ንኡስ ቀመር፣ ፀሐይና ጨረቃ ወደ ተነሡበት አብረው የሚመለሱበት ዓመት። ልጅ ሆኜ እጃቸው ላይ ሰማዩ ያረፈ ይመስለኝ ነበር። አሁንም እንደዚያው ነው የሚመስለኝ።

ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዩና፣ «ይህን ያነብ የነበረው ሰው ደቀ መዝሙር አልነበረውም?» አሉኝ።

ነበረው። ለዚህ ነው ልቤን የሚነካኝ። ትምህርት ቤት ነበራቸው። ተማሪ መጀመሪያ በሙዝ ቅጠል ላይ በአጥንት ይለማመዳል፤ እንጨት የሚሰጠው እጁ ሲጠና ነው። ንጋአራ የሚባለው ንጉሣቸው በየዓመቱ አናኬና በተባለው የባሕር ዳርቻ አንባቢዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ያስነብባቸው ነበር፤ ይህን እንግሊዛዊቷ ካትሪን ራውትሌጅ በ1914 እና በ1915 ደሴቱ ላይ ተቀምጣ ከሽማግሌዎች ሰምታ ጽፋዋለች። ጉባኤ ማለት እኮ ነው። ከዚያ በ1862 መጨረሻ ከፔሩ የባሪያ ፈንጋዮች መጡ። በጥቂት ወራት ውስጥ 1,500 ያህል ሰው ወሰዱ፤ ከነዚህም የነገሥታቱ ዘርና ሊቃውንቱ ነበሩበት። ጥቂቶቹ ሲመለሱ ፈንጣጣ ይዘው ተመለሱ። በ1877 ደሴቱ ላይ የተቆጠረው ሕዝብ 111 ነው። አንድ መቶ አሥራ አንድ። እኔ የማስተምራቸው ሁለት ክፍሎች ተማሪዎች ተደምረው ከዚያ ብዙም አያንሱም።

ከዚያ በኋላ ለማስነበብ ተሞክሯል። የታሂቲው ጳጳስ ፍሎራንታን ዣውሰን ሜቶሮ የተባለ የደሴቱን ተወላጅ አግኝቶ ሰሌዳዎቹን ሰጠው። ሜቶሮ አያያዙን ያውቃል፤ ከታች ጀመረ፣ በየመስመሩ አዞረ፣ አዜመ። ጳጳሱ ቃል በቃል ጻፈ። ነገር ግን የተጻፈው አይያያዝም፤ ይህ ሰው ነው፣ ይህ ወፍ ነው፣ ይህ ጨረቃ ነው እያለ የሚሄድ ነው። ይህን ስነግራቸው የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዜማ ቤት ገብቶ ትርጓሜ ሳይደርስ የወጣ ተማሪ ነው» አሉ። አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት የተከራከሩበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ዣውሰን እጅ መጀመሪያ የደረሰው ሰሌዳ የደረሰው ስለ ጽሑፉ ተብሎ አልነበረም። አዲስ አማኞች ከፀጉር የተገመደ ረጅም ገመድ በስጦታ ላኩለት፤ ገመዱ የተጠቀለለበት እንጨት ሰሌዳ ሆኖ ተገኘ። በ2024 የታተመ ጥናት ሮም ያሉትን አራት ሰሌዳዎች በካርቦን ሲለካ፣ ይኸው ገመድ መጠቅለያ የነበረው እንጨት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ሆኖ ወጣ፤ ማንም አውሮፓዊ ደሴቱን ከማየቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ማለት ነው። የተለካው እንጨቱ የተቆረጠበት ዘመን እንጂ የተጻፈበት አይደለም፤ አሮጌ እንጨት ላይ ዘግይቶ ሊጻፍ ይችላል። ቢሆንም ጽሑፉን ከአውሮፓውያን አይተው ኮረጁት ለሚሉት ነገሩ ጠብቦባቸዋል።

ያን ሌሊት እዚያው አደርኩ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቼ ወደ ውኃው ወረድኩ። የዜጌ ምሥራቅ ጠረፍ ወደ ሐይቁ ስለሆነ አድማሱ ውኃ ነው። ማታ ዘንቦ ነበር፤ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ግን ደመናው ተሰንጥቆ አንድ ክንድ የሚያህል ሰማይ ታየ። ደንገሉ መሀል የታሰረች ታንኳ በማዕበሉ ትንቀሳቀሳለች። ቆሜ ጠበቅኩ። ከውኃው በላይ አንድ ጣት ከፍ ብሎ የጭስ ጭላጭ የሚመስል ነገር ነበር፤ በቀጥታ ስታዩት ይጠፋል፣ ዞር ስትሉ ይመጣል። ሰባቱ ከዋክብት ናቸው። መጽሐፈ ኢዮብ የሚያነሣቸው። በግንቦት ፀሐይ ውስጥ ገብተው ተደብቀው ይከርሙና በሰኔ፣ በሰኔ ሚካኤል ሰሞን፣ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ይመለሳሉ። አሥር ደቂቃ ያህል አየኋቸው፤ ከዚያ ሰማዩ ነጣና ሟሙ።

የፓስፊክ ሰዎች ማታሪኪ ይሏቸዋል። ኒውዚላንድ ውስጥ ለማኦሪዎች በንጋት መመለሳቸው የዘመን መለወጫ ነው፤ ከ2022 ጀምሮም የአገሪቱ ሕዝባዊ በዓል ሆኗል። የሃዋይ ሰዎች ደግሞ ማካሊኢ ብለው ንጋት ሳይሆን ምሽት ይጠብቋቸዋል፤ በኅዳር ገደማ ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ሲወጡ የአዲስ ዓመታቸው የማካሂኪ ወቅት ይገባል። አንድ ዓይነት ኮከብ፣ አንድ ዓይነት ዘር ያለው ሕዝብ፣ ግን አንዱ በሩን በንጋት ከፈተው፣ ሌላው በምሽት።

ታዲያ እኛስ? አዲስ ዓመታችን መስከረም 1 ላይ የሚታይ የኮከብ መውጣት የለም። ግን ኮከቡ ከሥሩ አለ። አሥራ ሁለት ሠላሳ ቀንና አምስት ጳጉሜን ያለው ዓመት የግብፆች ነው፤ በእስክንድርያ በኩል ወደ እኛ ደረሰ፤ ጳጉሜን የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክኛ «ተጨማሪ» የመጣ ነው። ጥንታዊ ግብፆች ደግሞ ዓመታቸውን ያሰሩት በሲርየስ ነበር፤ ከከዋክብት ሁሉ ደማቋ ለሰባ ቀን ያህል ጠፍታ ጎህ ሲቀድ ስትመለስ የዓባይ ሙላት ደረሰ ይላሉ። ሙላቱን የሚያመጣው ከእኛ ደጋ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ነው። ሐምሌ ላይ ጢስ ዓባይ ቆማችሁ ያንን ቡናማ ውኃ ስታዩ፣ ሜምፊስ ላይ አንድ ካህን ሰማይ ሰማይ እያየ የሚጠብቀው ይህንኑ እንደነበር አስቡት። እሱ ኮከቡን ያያል፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ አያውቅም። እኛ ውኃውን እናውቃለን፣ ኮከቡን ረስተነዋል። ይህን ያስተማረኝ ማንም የለም፤ ያን ጠዋት እርጥብ አሸዋ ላይ ቆሜ ነው የተገጣጠመልኝ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ነገር ቆጣ ብዬ ልናገር። እንዲህ ዓይነት መገጣጠም የሚያይ ሰው ቶሎ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ አንድ ጥንታዊ ሕዝብ ነበር፣ ከግብፅ ወደ ሕንድ፣ ከሕንድ ወደ ፓስፊክ ጥበቡን ዘራ ይላል። በ1932 ጊዮም ደ ሄቨሺ የተባለ ሰው የሮንጎሮንጎን ምልክቶች ከኢንደስ ሸለቆ ማኅተሞች ጎን አሰልፎ አንድ ናቸው አለ። በመካከላቸው ወደ አራት ሺህ ዓመትና የዓለም ግማሽ አለ። የተቀመጠ ሰው ሥዕል የትም የተቀመጠ ሰው ይመስላል፤ ማጭድ የትም ማጭድ ነው። የሚያመሳስለን ጨረቃዋ ናት እንጂ ሌላ የጋራ አስተማሪ አያስፈልገንም። ደግሞ እንዲህ ያለው ወሬ ሁልጊዜ የሚወስደው ከትንንሾቹ ነው። 163 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የኖሩ ሰዎች ራሳቸው አስበው፣ ራሳቸው ፈልስፈው ጻፉ ማለት ለምን ይከብዳል? ስለ ላሊበላም ይኸው ይባል የለም? ሌላ ሰው ነው የሠራላቸው ይባል የለም? ስለዚህ ያመኛል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈላ። ያኔ ነው የተማሪዬን ጥያቄ ለየኔታ ያቀረብኩላቸው። በእኛ ፋሲካ ነው ወይስ በፈረንጆቹ?

«ዓመቱ ስንት ይሆናል?»

«በእኛ 1714።»

ግራ እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ዘረጋሁ። 5500 ዓመተ ፍዳ ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7214። ዘመኑ ማርቆስ። በ19 ሲገደፍ፣ ማለትም ሲካፈል፣ 13 ይተርፋል፤ መደብ። አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ ሲገደፍ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፤ መጡ። 18 ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል። መስከረም 1 ማክሰኞ ነበር፤ ስለዚህ 18 ዓርብ። የዓርብ ተውሳክ፣ ለቀኑ የሚደመረው ቁጥር፣ 2። ድምሩ፣ መባጃ ሐመሩ፣ 20፤ ነነዌ ጥር 20 ገባች። የትንሣኤ ተውሳክ 9፤ ከነነዌ ሁለት ወር ከዘጠኝ ቀን በኋላ ማለት ነው።

ከመጨረሻው አንጓ ላይ ጣታቸውን አላነሡም። ሁለታችንም አንድ ላይ ደርሰናል።

«መጋቢት 29» አሉ በዝግታ።

መጋቢት 29 በእኛ ጥንተ ትንሣኤ ነው፤ ጌታ በተነሣበት በመጀመሪያው ቀን ማለት ነው። ፋሲካ ከዓመት ዓመት ሲዞር ወደዚያች ቀን የሚመለሰው አልፎ አልፎ ነው። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር፤ ወደ ፈረንጆቹ መመለስ ነበረብኝ። ዛሬ መጋቢት 29 የሚውለው ኤፕሪል 7 ነው። በዚያ ክፍለ ዘመን ግን ልዩነታችን ከዛሬው በሁለት ቀን ያንስ ነበር። ኤፕሪል 5። ስልኬን አውጥቼ ደግሜ አሰላሁ፣ ደግሜ አገኘሁት። በዚያ ዓመት የሁለቱም ፋሲካ አንድ እሑድ ነው። ዐፄ በካፋ በነገሡ በዓመታቸው ጎንደር ላይ፣ እዚህም ዜጌ ላይ፣ ሌሊቱን ክርስቶስ ተንሥአ ሲባል አድሮ ጾሙ ተገድፏል። ደሴቱ በሰዓት ከእኛ አሥር ያህል ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ የሮግቬን መርከበኞች መሬት አየን ሲሉ እዚህ በዓሉ አልቆ መሽቶ፣ ሰው ተኝቶ ነበር።

ለተማሪዬ ሰኞ የምነግራት ይህን ነው፤ በሁለቱም።

የኔታ ፀጥ ብለው ቆዩ። ከዚያ ወረቀቱን ከመጽሐፋቸው መሀል አወጡት። «እሺ፣ ያን ሌሊት የእነሱ ጨረቃ የት ጋ ነበረች?»

ይህን ጠዋት ሐይቁ ዳር አስልቼው ነበር። በባሕረ ሐሳቡ ቆጠራ ጨረቃዋ የሞላችው በዋዜማው ቅዳሜ ነው። በሰማይ ግን ሞልታ አራት ሌሊት አልፏታል፤ የ19 ዓመቱ ዙር ከእውነተኛዋ ጨረቃ ጋር በሦስት መቶ ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይዛነፋልና። ይህን ለመናገር ትንሽ ፈራሁ። እሳቸው ግን አልከፋቸውም። «አውቃለሁ፤ ዓይን ያለው ሰው ያያታል። ሐሳቡ የአበው ነው፣ ጨረቃዋ የእግዜር ናት» አሉ። «እነሱ እያዩ ስለሚቆጥሩ ልክ ላይ ይሆናሉ። አሳዪኝ።»

ከአሮጊቷ ጀምሬ ወደ ፊት ቆጠርኩ። መስመሩ ጫፍ ላይ አልቆ ስለነበር ወረቀቱን አዞርኩት። ኮኮሬዎቹ መሀል፣ ራሱን ቁልቁል ከደፋው ዓሣ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ጣቴን አስቀመጥኩ። የኔታ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ፣ ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት።

«ደቀቁብኝ» አሉ። «ስትመለሽ ጎላ አድርገሽ አሳትሚልኝ። ዓሣዎቹን ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ።»